ከባጃጅ ባትሪ እስከ ሰንሰለት፦ ትልቅ የሪሞት ታንክ ጅግጅጋ ላይ በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ታንክ ሲባል መጀመሪያ ዓይናችሁ ላይ የሚመጣው ምንድን ነው? መድፉ አይደል? እኛም እንደዛ ነበርን።

የመጀመሪያውን ሞዴል ታንካችንን የጀመርነው ከላይ ነው። መድፉን ከፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ሠራን፣ አናቱን በኮምፔንሳቶ አስተካከልን፣ አረንጓዴ ቀለም ቀባን፣ ፎቶ አነሳን። ያየ ሁሉ አደነቀ። ከዛ ጎማና ሞተር ገጥመን ግቢ ውስጥ ስንለቀው ሁለት ሜትር ሳይሄድ ሰንሰለቱ ወለቀ። መለስነው፣ ደግሞ ወለቀ። አንድ ወር የለፋንበት ነገር መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ጌጥ ሆኖ ቀረ።

የተማርነው ነገር አንድ ነው፦ ታንክ የሚሠራው ከታች ወደ ላይ ነው። ጎማው፣ ሰንሰለቱና ክብደቱ ልክ ከሆኑ ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ዛሬ በሪሞት የሚነዳ፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ ታንክ ምንም ልምድ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚሠራው እናያለን። መሃል ላይ ስለ ብረት ለቀማ የጻፍነው ክፍል አለ። የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ እሱን ሳታነቡ እንዳታልፉ።

የትኛውን ታንክ እንሥራ?

ጅግጅጋ ለሚኖር ሰው መልሱ ሩቅ አይደለም። ከሐረር በባቢሌ አድርጋችሁ ወደ ጅግጅጋ ስትመጡ ከተማዋ ከመታየቷ በፊት የካራማራን ተራራ ታቋርጣላችሁ። በ1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ይህ ቦታ ትልቅ የታንክ ውጊያ አስተናግዷል። ጅግጅጋ በመስከረም 1970 መጀመሪያ ላይ በሶማሊያ ጦር እጅ ገባች። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮች መልሰው ያዟት።

ለኛ ሥራ የሚጠቅመን ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያ ጦርነት የኢትዮጵያ ጦር ሲጀምር አሜሪካ ሠራሽ የሆኑት ኤም-41 እና ኤም-47 ታንኮች ነበሩት። የሶማሊያ ጦር ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት ያገኛቸውን ቲ-34፣ ቲ-54 እና ቲ-55 ይዞ ነበር። ጦርነቱ መሃል ላይ ሶቪየት ወገን ቀይራ ለኢትዮጵያ ማስታጠቅ ጀመረች። በመጨረሻ በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ታንክ ቆመ ማለት ነው።

የካራማራ ታሪክ ስለ ክብደትም ያስተምራል። ቲ-55 ወደ 36 ቶን ይመዝናል። ይሄን የሚያህል ብረት ድንጋያማ ተራራ ላይ እንደ ፍየል አይወጣም፤ መተላለፊያውን የያዘ መንገዱን ያዘ። ስለዚህ አጥቂው ኃይል የማርዳን መተላለፊያ ፊት ለፊት ከመግጠም ይልቅ በሌላ አቅጣጫ ዞሮ ነው የመጣው። ሚ-6 የተባሉ ግዙፍ የሶቪየት ሄሊኮፕተሮች ደግሞ ቀላል ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን ከመከላከያው መስመር ጀርባ አወረዱ። ታንክ ለምን አልጫኑም? ሚ-6 የሚሸከመው 12 ቶን ገደማ ነዋ! ክብደትና መሬት ሁሉን ነገር ይወስናሉ። በእናንተም ሞዴል ላይ እንደዛው ነው።

እኛ ለጀማሪ የምንመርጠው ቲ-55ን ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ ጎን 5 ትልልቅ ጎማዎች አሉት፣ የላይኛው ሰንሰለት ደግሞ እዛው ጎማዎቹ ላይ ይተኛል። ኤም-41 እና ኤም-47 ግን ሰንሰለቱን ከላይ የሚደግፉ ተጨማሪ ትንንሽ ጎማዎች አሏቸው። ያ ለጀማሪ ተጨማሪ ሥራ፣ ተጨማሪ ራስ ምታት ነው። አንድ ምልክት ያዙ፦ ቲ-55 በአንደኛውና በሁለተኛው ጎማ መሃል ሰፋ ያለ ክፍተት አለው። እሱን ከረሳችሁ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይነቃባችኋል።

መጠኑስ?

1 ለ 6 በሚባለው መጠን እንሂድ። የእውነተኛውን ልክ ሁሉ ለ6 ማካፈል ነው።

የአካሉ ርዝመት 6.45 ሜትር ነው፤ ለ6 ሲካፈል 1 ሜትር ከ7 ሳንቲም ገደማ ይሆናል።
ስፋቱ 3.27 ሜትር፤ ወደ 55 ሳንቲም።
ቁመቱ 2.4 ሜትር፤ 40 ሳንቲም።
መድፉ ወደ ፊት ሲዞር ጠቅላላ ርዝመቱ 9 ሜትር፤ 1 ሜትር ተኩል።

ክብደቱ ግን ለ6 አይካፈልም። ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት ሦስቱም በ6 ስለሚቀንሱ ክብደቱ በ6 ጊዜ 6 ጊዜ 6፣ ማለትም በ216 ነው የሚካፈለው። 36 ቶን ለ216 ወደ 167 ኪሎ ይሰጣል። ሙሉ በሙሉ በብረት ብትሠሩት እዛ ትደርሳላችሁ ማለት ነው። እኛ የምንፈልገው ከ20 እስከ 30 ኪሎ ስለሆነ የምንሠራው በኮምፔንሳቶ ነው። ለእንጨት ሌላ ምክንያትም አለን፤ ሞተሩ ጋ ስንደርስ እንነግራችኋለን።

ዕቃው ከየት ይገኛል? ከየትስ አይለቀምም?

ጅግጅጋ ዕቃ የሚጠፋባት ከተማ አይደለችም። ባጃጅ ባለበት ሁሉ 12 ቮልት ባትሪ፣ ሽቦ፣ ፊውዝና ኩሽኔታ አለ። ጋራዥ ባለበት ያገለገለ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር አለ። ኤሌክትሮኒክሱን ከከተማው ሱቆች ወይም በቶጎ ውጫሌ በኩል ዕቃ ከሚያስመጡ ነጋዴዎች ማግኘት ይቻላል፤ ስትገዙ ግን ደረሰኝ ጠይቁ። ነገ «ይሄ ነገር ከየት መጣ?» ብትባሉ መልስ ይኖራችኋል።

አሁን ዋናው ነገር። «ታንክ ለመሥራት የታንክ ብረት» ብሎ የሚያስብ ልጅ አይጠፋም። ከድሮ ጦር ሜዳ የተረፈ ቁርጥራጭ ቢገኝ፣ ሞዴሉ ላይ ቢገጠም ደስ ይላል ብሎ። በፍጹም! ሶማሌ ክልል ውስጥ ካለፉ ጦርነቶች የተረፉ የተቀበሩ ፈንጂዎችና ያልፈነዱ ተተኳሾች ዛሬም አሉ። ዝናብ አፈሩን ሲጠርገው ብቅ ይላሉ። ዝገት ብረቱን እንጂ በውስጡ ያለውን ባሩድ አያሞተውም። እንዲያውም ባረጀ ቁጥር የሚያደርገውን መገመት ይከብዳል።

ሜዳ ላይ ወይም ተራራ ላይ የማታውቁት ብረት ካያችሁ፦
አትንኩ፣ በእግር አትምቱ፣ ድንጋይ አትወርውሩበት።
ቁሙ። ከዛ በመጣችሁበት ዱካ ላይ እየረገጣችሁ ተመለሱ።
ቦታውን በዓይናችሁ ለዩና ለፖሊስ ወይም ለቀበሌ ተናገሩ።
አብረዋችሁ ታናናሾች ካሉ መጀመሪያ እነሱን አርቁ።

ቁራሌው ጋ የተከመረ ብረት ውስጥ ጥይት ወይም የመድፍ ቅርፊት የሚመስል ነገር ካለም ያው ነው። አትግዙ፣ አትቁረጡ፣ አትበይዱ። የኛ ታንክ የሚሠራው ከእንጨት፣ ከጎማና ከባጃጅ ዕቃ ነው። አራት ነጥብ።

ከታች እንጀምር፦ ጎማና ሰንሰለት

የእውነተኛው ቲ-55 ጎማ 81 ሳንቲም ስፋት አለው። በኛ መጠን 13 ሳንቲም ተኩል ይሆናል። በያንዳንዱ ጎን 5፣ በድምሩ 10 ጎማ ያስፈልጋል። እያንዳንዱን ጎማ ከሁለት ክብ ኮምፔንሳቶ ሥሩትና መሃላቸው ላይ የሁለት ጣት ክፍተት ተዉ። የክፍተቱን ጥቅም ትንሽ ቆይታችሁ ታያላችሁ። ማዞሪያው 8 ሚሊ ቀዳዳ ያለው ኩሽኔታ ይሁን፤ 8 ሚሊ ብሎን ልክ ይገባበታል፣ በዳዶ ይታሰራል። እንጨት በቀጥታ ብሎን ላይ እንዲዞር ካደረጋችሁት የጅግጅጋ አቧራ በሳምንት ውስጥ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ቀጥሎ ሰንሰለቱ። የእውነተኛው ቲ-55 ሰንሰለት በያንዳንዱ ጎን 90 ቁርጥራጭ አለው፤ ዙሪያው ሲለካ ከ12 ሜትር ይበልጣል። በኛ መጠን ወደ 2 ሜትር ከ5 ሳንቲም ይመጣል። 90 ብረት መቁረጥ አያስፈልግም። የወፍጮ ቤት አሮጌ ቺንጋ ፈልጉ። በውስጡ ጨርቅ ስላለው አይለጠጥም። ካጣችሁ በረባሶ የሚሠሩ ሰዎችን አማክሩ፤ የጭነት መኪና ጎማ እንዴት እንደሚላጥ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። የመኪና የውስጥ ጎማ ግን አትጠቀሙ። እየተለጠጠ ይረግባል፣ የረገበ ሰንሰለት ደግሞ ይወልቃል። እኛን የጣለን እሱ ነው።

ቺንጋውን 10 ሳንቲም ስፋት ላይ ቁረጡት። በግራና በቀኝ ጠርዙ በየ5 ሳንቲሙ ቀዳዳ ብሱ። 41 ጥንድ ቀዳዳ ይወጣችኋል። በቀዳዳዎቹ መሃል መሃል ላይ፣ በውጭ በኩል፣ ጠፍጣፋ እንጨት በብሎን እሰሩ። መሬት የሚቆነጥጠው እሱ ነው። በውስጥ በኩል ደግሞ በየሁለት እንጨቱ መሃል ላይ አንድ ትንሽ ጥርስ አድርጉ። ያ ጥርስ ቅድም በተዋችሁት የጎማ ክፍተት ውስጥ እየሮጠ ሰንሰለቱ ወደ ጎን እንዳይወጣ ይይዘዋል። እውነተኛው ታንክም ሰንሰለቱን የሚይዘው በዚሁ ዘዴ ነው።

ሰንሰለቱን የሚጎትተው ከኋላ ያለው ጥርሳም ጎማ ነው። 16 ሳንቲም ስፋት ያላቸው ሁለት ክቦች ቁረጡና በያንዳንዳቸው ጠርዝ ላይ 10 ብሎን እንደ ጥርስ ትከሉ። ዙሪያው 50 ሳንቲም ስለሆነ ጥርሶቹ በየ5 ሳንቲሙ ይቀመጣሉ፤ ከቺንጋው ቀዳዳ ጋር ይገጥማሉ። የቺንጋው ውፍረት ልኩን ትንሽ ሊቀይረው ስለሚችል እንጨት ከመቁረጣችሁ በፊት በካርቶን ሞክሩት። ከፊት ያለው ጎማ ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ይሁን፤ ሰንሰለቱ ሲረግብ ወደ ፊት ገፍታችሁ ታወጥሩታላችሁ።

አንድ ልክ አትቀይሩ። በእውነተኛው ላይ መሬት የሚነካው የሰንሰለት ርዝመት 3.84 ሜትር ነው፣ በሁለቱ ሰንሰለቶች መሃል ለመሃል ያለው ርቀት ደግሞ 2.64 ሜትር። በኛ መጠን 64 እና 44 ሳንቲም ማለት ነው። «ረዘም ቢል ያምራል» ብላችሁ ብታረዝሙት ቀጥታ ይሄዳል እንጂ መዞር እንቢ ይላችኋል።

ሞተሩ

ሁለት የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ይበቃናል፤ ለያንዳንዱ ሰንሰለት አንድ። ይሄ ሞተር በ12 ቮልት ይሠራል፣ በውስጡ ፍጥነት የሚቀንስና ጉልበት የሚጨምር ጥርስ አለው። በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ሂሳቡን እንሥራ፦ 60 ዙር ጊዜ 50 ሳንቲም በደቂቃ 30 ሜትር ነው። በሰዓት 1.8 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ዘገምተኛ ነው፤ ለጀማሪ ግን በጣም ጥሩ ነው። 25 ኪሎ የሚመዝን ነገር እየሮጠ ግድግዳ ሲገጭ ማየት አትፈልጉም።

ሞተሩ ላይ ብዙ ሽቦ ታያላችሁ። የዝግታ፣ የፍጥነትና መጥረጊያው ቦታው ላይ እንዲቆም የሚያደርግ አለ። ለኛ አንዱ የፍጥነት መስመር ይበቃል፤ ሁለቱ ሞተሮች ላይ ግን ተመሳሳዩን ምረጡ። አለበለዚያ ታንኩ ሁሌ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

እንጨት የመረጥንበት ሁለተኛው ምክንያት እዚህ ጋ ነው። ብዙዎቹ የዝናብ መጥረጊያ ሞተሮች ኔጌቲቫቸው ራሱ የሞተሩ አካል ነው። ሁለቱን ሞተር አንድ ብረት ላይ ካሰራችሁና አንዱን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ካዞራችሁ ባትሪው ሾርት ያደርጋል። እንጨት ላይ ሲታሰሩ ይለያያሉ።

ስልካችሁ ሪሞት ሲሆን

ታንክ መሪ የለውም። ሁለቱም ሰንሰለት እኩል ሲሄድ ቀጥታ ይጓዛል። ግራው ቀስ ሲል ወደ ግራ ይዞራል። አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ሲሄድ የኛ ሞዴል ቆሞ ባለበት ይሽከረከራል። እውነተኛው ቲ-55 ግን ይሄን አይችልም፤ አንዱን ሰንሰለት ይዞ በሌላው ነው የሚዞረው። እንግዲህ በአንድ ነገር በለጣችሁት!

ይሄን ለመቆጣጠር ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የተዘጋጀ ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ሪሞትና መቀበያ መግዛት ነው። ሁለተኛውና ርካሹ ስልካችሁን መጠቀም ነው። ለዚህ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ አርዱዪኖ፣ የብሉቱዝ ሞጁልና የሞተር ድራይቨር። ከዛ አርዱዪኖን በብሉቱዝ የሚቆጣጠር ነፃ አፕ ስልካችሁ ላይ ትጭናላችሁ።

ሦስት ማስጠንቀቂያ ከኛ፦

አንደኛ፣ ኤል298ኤን የሚባለው የሞተር ድራይቨር በየሱቁ አለ፣ ርካሽም ነው። የሚችለው ግን 2 አምፔር ነው። የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ሲጨነቅ ከ10 አምፔር በላይ ሊስብ ይችላል። ጭስ ማየት ካልፈለጋችሁ ቢቲኤስ7960 የሚለውን ጠይቁ፤ ለያንዳንዱ ሞተር አንድ።

ሁለተኛ፣ ኤችሲ-05 የተባለው ብሉቱዝ ከአንድሮይድ ጋር እንጂ ከአይፎን ጋር አይሠራም። አይፎን ያላችሁ ኤችኤም-10 ፈልጉ።

ሦስተኛ፣ ብሉቱዝ ከ10 ሜትር ገደማ በላይ ሲርቅ ይቆራረጣል። ሲቋረጥ ታንኩ የመጨረሻውን ትዕዛዝ ይዞ እንዳይነጉድ ኮዱ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ ለግማሽ ሰከንድ ትዕዛዝ ካልመጣ ሁለቱም ሞተር ይቁም። ይሄን ሳትጨምሩ ከቤት እንዳታወጡት።

ባትሪውን በሚመለከት፣ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ለጨዋታ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሰጣችኋል። ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ባለ 30 አምፔር ፊውዝ አድርጉ። ከላይ በቀላሉ የሚደረስበት ማጥፊያም ይኑር። ቻርጅ ስታደርጉ አየር የሚገባበት ቦታ ይሁን፤ ይሄ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል።

የመጀመሪያው ሙከራ

መጀመሪያ ታንኩን ብሎኬት ላይ አስቀምጡትና ሰንሰለቱ አየር ላይ እንዲዞር አድርጉ። ለ10 ደቂቃ ያለ ችግር ከዞረ መሬት ላይ አውርዱት። ቀጥታ ሂዱ፣ ቁሙ፣ ወደ ኋላ ተመለሱ። መዞርን መጨረሻ ላይ ሞክሩ፤ ሰንሰለት የሚወልቀው ሲዞር ነው። ጥርሱና ሰንሰለቱ መሃል የገባ የሕፃን ጣት አይተርፍም። ስለዚህ ግቢው ውስጥ ትንንሽ ልጆች ካሉ አንድ ሰው እነሱን ብቻ ይጠብቅ።

ይሄን ሁሉ ካለፈ፣ አሁን መድፉን ሥሩ! ቱቦውን ቀቡ፣ አናቱን አሳምሩ፣ መብራት ጨምሩ፣ ድምፅ በስፒከር አውጡ። ግን ምንም ነገር እንዲተኩስ አታድርጉ፤ ርችትም ሆነ ፕላስቲክ ጥይት።

ከግቢ ስትወጡ

ከሩቅ ለሚያየው ሰው የሚንቀሳቀስ ታንክ የሚመስል ነገር ቀልድ አይደለም። ከወታደር ካምፕ፣ ከኬላና ከአውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ራቁ። ሰፈር ሜዳ ላይ ልታወጡት ካሰባችሁ ለቀበሌ ቀድማችሁ ንገሩ። ካሜራ ገጥሞ መቅረፅም ሳይጠይቁ አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። በጅግጅጋም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች 1970ን በዓይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች አሉ። የታንክ ድምፅ ለነሱ ፊልም አይደለም፤ ቤት ጥሎ የወጡበት ሌሊት ነው፣ ያልተመለሰ ወንድም ነው። በዚህም በኩል በዚያም በኩል። ስለዚህ ደጃቸው ላይ ከማስጮሃችሁ በፊት ገብታችሁ ሰላም በሏቸው፣ ምን እንደሠራችሁ አሳዩአቸው። ማውራት ከፈለጉ አዳምጧቸው። ካልፈለጉ ደግሞ ድምፁን አጥፍታችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ሲጠቃለል፦ ከታች ጀምሩ፣ ክብደት ቀንሱ፣ ሰንሰለት አወጥሩ፣ መድፉን መጨረሻ ላይ አድርጉ። ብረት ደግሞ ከጋራዥ እንጂ ከሜዳ አታምጡ።

ሠርታችሁ ከተሳካ ቪዲዮውን ላኩልን። ካልተሳካም ላኩልን፤ ሰንሰለት እንዴት እንደሚወልቅ ከኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ሜዳ ለሜዳ ከብት የሚጠብቅ ወይም ብረት የሚለቅም ታናሽ ያላችሁ ግን ታንኩን ባትሠሩም ስለ ፈንጂ የጻፍነውን ክፍል አንብቡለት።